እንጀራው ማባያ ሲሆን

ካርቦሃይድሬትን ስለ መቀነስና ስለ አነስተኛ ገቢ፤ የሸዋ ሮቢትንና የይፋት ቆላን ገበያ መነሻ በማድረግ ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ እንጀራና ስለ ወጥ መናገር ከርእስ መውጣት መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የምሕንድስና ሙያ በመሠረቱ ውሱን በሆነ ሀብት የተፈለገውን ውጤት የማግኘት ጥበብ ነው። በጥቂት ገንዘብ ጤናን የሚጠብቅ ማዕድ ማሰናዳትም የዚሁ ዐይነት ጥያቄ ነው፤ የሚለካ ግብአት አለው፣ የሚለካ ውጤት አለው፣ ሊታለፍ የማይችል የዋጋ ገደብም አለው። ስለሆነም ጉዳዩ በስሌት ሊመረመር ይገባዋል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው የይፋት ቆላ፣ በአነስተኛ ደመወዝ ወይም በቀን ሥራ የሚተዳደር ቤተሰብ፣ ከአባላቱ አንዱ የስኳር በሽታ ቢይዘውና «እንጀራ ቀንስ» ቢባል፣ ምን ቀንሶ ምን ይተካል? የሚተካውንስ በምን ገንዘብ ይገዛል? መልሱን አስቀድሞ ለመናገር፣ ነገሩ ይቻላል፤ ነገር ግን በሌላ ሀገር ገበያ ለሚገዛ ሰው እንደ ተጻፈው አይደለም።

ካርቦሃይድሬትን መቀነስ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1797 ጆን ሮሎ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም፣ አንድን የስኳር ሕመምተኛ መኰንን ከእህል ከልክሎ በአመዛኙ ሥጋ እንዲመገብ በማድረግ ያየውን መሻሻል ጽፎ አሳተመ። በ1863 ደግሞ ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን የቀብር አስፈጻሚ፣ ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ትቶ ከውፍረቱ እንዴት እንደ ተገላገለ የሚገልጽ አነስተኛ መጽሐፍ ለሕዝብ አቀረበ። ኢንሱሊን በ1921 በቶሮንቶ እስኪገኝ ድረስ፣ ሐኪሞች ለስኳር ሕመምተኛ የነበራቸው ዋነኛ መሣሪያ ምግብን መመጠን፣ በተለይም እህልንና ስኳርን መከልከል ነበር። ኢንሱሊን ከተገኘ በኋላ ይህ ስልት ለብዙ ዘመን ችላ ተባለ። በ2019 ግን የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ባወጣው የባለሙያዎች የጋራ መግለጫ፣ የደም ስኳርን ለማሻሻል ከሚያገለግሉት የአመጋገብ ስልቶች መካከል ይበልጥ ማስረጃ የተገኘለት ጠቅላላውን የካርቦሃይድሬት መጠን መቀነስ መሆኑ ተገለጸ።

መጠኑን በተመለከተ በጽሑፎች ዘንድ የተለመደው አከፋፈል የሚከተለው ነው። በቀን ከ130 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት የሚወሰድበት አመጋገብ ዝቅተኛ ይባላል፤ ከ50 ግራም በታች ሲሆን እጅግ ዝቅተኛ ይባላል፤ ከ130 እስከ 225 ግራም ያለው መካከለኛ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሰው ስሌት ሁሉ አሰሩ ተቀንሶለት ወደ ደም የሚገባውን ካርቦሃይድሬት ብቻ የሚመለከት ነው፤ አሰር በአንጀት ውስጥ ወደ ስኳር አይለወጥምና።

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ከጣርማ በር ተራራ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል የወረደ መንገደኛ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው በሸዋ ሮቢት ከተማ ሙቀት ይቀበለዋል። ከተማዋ በደጋና በቆላ መካከል የተቀመጠች የንግድ በር ናት። ከላይ ከደጋው ባቄላ፣ ምስርና ተልባ ይወርዳል፤ ከታች ከሜዳው ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሾና ሰሊጥ ይመጣል፤ በመስኖ ከሚለማው መሬት ሽንኩርትና ቲማቲም ይወጣል። በስተምሥራቅ ካለው የአፋር ምድር ፍየል፣ ግመልና ቅቤ ይመጣል። ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን የሚገኘው የሰንበቴ ገበያም፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በየሳምንቱ የሚገናኙበት የቆየ መገበያያ ነው።

ይህን የመሰለ ልዩ ልዩ ምርት በሚገናኝበት ሀገር፣ የድኻው ማዕድ ግን አንድ ዐይነት ነው። ማሽላ ወይም ጤፍ እንጀራ፣ በላዩ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ ከዚያም ስኳር የበዛበት ሻይ። ለዚህም ምክንያቱ ያለማወቅ ብቻ አይደለም። እህል በአንድ ብር ከሚገኙት ምግቦች ሁሉ ይበልጥ ኀይል የሚሰጥ፣ በኩንታል የሚገዛና የሚከማች፣ ልጆችንም አጥግቦ የሚያሳድር ነው። ከዚህም ሌላ በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በሸዋ ሮቢት በደረሰው የጦርነትና የግጭት ጉዳት ምክንያት የብዙ ቤተሰብ ጥሪት ተመናምኗል። ስለሆነም ለሕመምተኛ የሚሰጥ ምክር ከኪሱ ጋር ካልተገናዘበ፣ ምክሩ ትክክል ቢሆንም ሥራ ላይ አይውልም።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሸዋ ሮቢት የሚኖር፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ሰውነቱ የወፈረ፣ ሁለተኛው ዐይነት የስኳር በሽታ ያለበት አንድ የመጋዘን ጠባቂ አለ እንበል። በቀን 4 እንጀራ ይበላል። እያንዳንዱ እንጀራ ከ150 ግራም ዱቄት ተጋግሯል እንበል። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም ውስጥ 73 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲኖረው ከዚህ ውስጥ 8 ግራም ያህሉ አሰር ነው፤ የሚቀረው 65 ግራም ነው። ማሽላም ከዚህ እምብዛም አይለይም። ስለዚህ አንድ እንጀራ 98 ግራም፣ አራቱ 390 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይሰጣሉ። በቀን 5 ሲኒ ሻይ በሦስት ሦስት ትንሽ ማንኪያ ስኳር ቢጠጣ 60 ግራም ይጨመርበታል። በድምሩ 450 ግራም ይሆናል። ይህ ሰው ወደ 130 ግራም ውረድ ሲባል፣ ከሚበላው ውስጥ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሚሆነውን እንዲተው መጠየቁ ነው።

እንግዲህ ገበያው የሚያቀርበውን አንድ በአንድ እንመልከት።

በቅድሚያ ማሾ። ይፋት ቆላ በማሾ ከሚታወቁት የሀገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። ማሾ በሁለት ወር ተኩል ያህል ጊዜ የሚደርስ፣ በአጭር ዝናብ የሚበቅልና ለመሬቱም ናይትሮጅን የሚመልስ ሰብል ነው። የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 «ራሳ» የተባለውን ዝርያ ለአርሶ አደሩ አቅርቧል፤ በ2014 ደግሞ ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚሸጡት ምርቶች ተርታ ገብቷል። ከዚህ የተነሣ በአካባቢው ዘንድ ማሾ በአመዛኙ የሽያጭ ሰብል ሆኖ ይታያል፤ ወደ ውጭ ይላካል እንጂ ከቤት ድስት የሚገባው ጥቂቱ ነው። በ100 ግራም ደረቅ ማሾ ውስጥ 24 ግራም ፕሮቲን፣ 63 ግራም ካርቦሃይድሬትና ከዚሁ ውስጥ 16 ግራም አሰር ይገኛል። የሚሰጠው ኀይል 347 ካሎሪ ሲሆን ከጤፍ 367 ካሎሪ ጋር ተቀራራቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ማሾም ሆነ ምስር፣ ሽምብራም ሆነ ባቄላ፣ ካርቦሃይድሬት የሌለባቸው ምግቦች አይደሉም። አሰሩ ሲቀነስ በማሾ ውስጥ 47 ግራም ይቀራል። ስለዚህ 100 ግራም ጤፍ በ100 ግራም ማሾ ቢተካ የሚቀንሰው 18 ግራም ብቻ ነው። ጥቅሙ ያለው በሌላ በኩል ነው፤ ፕሮቲኑ ዕጥፍ ሊሆን ይቃረባል፣ አሰሩ ዕጥፍ ይሆናል፣ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ነው፣ ሆድም ቶሎ አይራብም።

ሁለተኛ፣ የቅባት እህሎች። ተልባ በ100 ግራም ውስጥ 42 ግራም ቅባትና 18 ግራም ፕሮቲን ሲኖረው፣ ካርቦሃይድሬቱ 29 ግራም ሆኖ ከዚህ ውስጥ 27 ግራሙ አሰር ነው። ወደ ደም የሚገባው ከ2 ግራም አይበልጥም ማለት ነው። ለውዝ 26 ግራም ፕሮቲን፣ 49 ግራም ቅባትና አሰሩ ተቀንሶ ከ8 ግራም የማይበልጥ ካርቦሃይድሬት አለው። ሰሊጥም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው። በጾም ወራት ተልባን ወቅጦ፣ ሱፍን ፈጭቶና አጥልሎ መጠቀም የኖረ የሀገር ልማድ ስለሆነ፣ እነዚህን ለማለማመድ አዲስ ትምህርት አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ አትክልት። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ብዙ ቦታ ይዘው ጥቂት ስኳር የሚሰጡ ናቸው። 400 ግራም ጥቅል ጎመን የሚሰጠው 13 ግራም ያህል ብቻ ነው። በመስኖ ምርት ጊዜ በሸዋ ሮቢት ገበያ የቲማቲምና የሽንኩርት ዋጋ የሚወርድበት ወቅት አለ፤ ይህ ለሸማቹ በረከት ለአምራቹ ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ ነገር ወደ መጨረሻው ይመለሳል።

አራተኛ፣ የእንስሳት ተዋጽኦ። እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና የፍየል ሥጋ ለዚህ አመጋገብ የተስማሙ ናቸው። የአፋር አርብቶ አደር ለብዙ ዘመን በወተት ላይ የተመሠረተ ኑሮ መኖሩም፣ እህል ያልበዛበት ማዕድ ለቆላው እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል። ነገር ግን ወተቱ ለአርብቶ አደሩ የራሱ ከብት ፍሬ ሲሆን፣ ለከተማው ሰው በብር የሚገዛ ዕቃ ነው።

ከዚህ በኋላ ዋናው ጥያቄ የዋጋ ነው። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ፣ ከብር ይልቅ ምጣኔን መያዝ ይሻላል፤ ምጣኔው የዛሬም የነገም ገበያ መለኪያ ይሆናልና።

የመጀመሪያው ምጣኔ የፕሮቲን ነው። አንድ ኪሎ ማሾ 240 ግራም፣ አንድ መካከለኛ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የጥራጥሬ ፕሮቲን እንደ እንቁላሉ ሙሉ በሙሉ የማይፈጭ በመሆኑ ይህን ቀንሰን ብናሰላ፣ አንድ ኪሎ ማሾ ከ30 እንቁላል ጋር ይመዛዘናል። እንግዲህ የአንድ ኪሎ ማሾ ዋጋ ከ30 እንቁላል ዋጋ እስካልበለጠ ድረስ ማሾ ይረክሳል። የፍየል ሥጋ ከነአጥንቱ በኪሎ 150 ግራም ያህል ፕሮቲን ስለሚሰጥ፣ በዚህ መለኪያ ከማሾ ጋር መወዳደር አይችልም። በፕሮቲን በኩል ድኻው የሚያጣው ነገር የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ምጣኔ የኀይል ሲሆን፣ የችግሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንጀራ ሲቀነስ የሚጎድለው ኀይል ከቅባት መምጣት አለበት። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3,670 ካሎሪ፣ አንድ ኪሎ የምግብ ዘይት 8,840 ካሎሪ፣ አንድ ኪሎ ለውዝ 5,670 ካሎሪ ይሰጣል። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ዘይት ዋጋ ከአንድ ኪሎ ጤፍ ዋጋ 2.4 ጊዜ እስካልበለጠ ድረስ፣ በዘይት የሚገኘው ኀይል በጤፍ ከሚገኘው አይወደድም። ለለውዝ ምጣኔው 1.5 ነው። በማሽላ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ማሽላ በኪሎ 3,290 ካሎሪ ሲሰጥ ዋጋው ከጤፍ ያነሰ ስለሆነ፣ ዘይቱም ለውዙም ከእርሱ ጋር ሲነጻጸሩ ይወደዳሉ።

ከዚህ የሚገኘው ድምዳሜ ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጤፍ የሚበላ ቤተሰብ ከጤፉ በሚቆጥበው ገንዘብ የምትኩን አብዛኛውን ክፍል መግዛት ይችላል፤ ማሽላ የሚበላ ቤተሰብ ግን ከኪሱ መጨመር ግድ ይሆንበታል። አንድ ዐይነት ምክር ለሁለቱ ሲሰጥ፣ ለአንደኛው ማሸጋሸግ ሲሆን ለሁለተኛው ተጨማሪ ወጪ ነው። የምግብ ዘይት በአመዛኙ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑም፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ምጣኔ ከምንዛሪው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ሆኗል።

አሁን የመጋዘን ጠባቂውን ማዕድ በደረጃ እንቀንስ።

አንደኛ ደረጃ፣ በሻይ ውስጥ ያለውን ስኳር ማስቀረት ነው። 60 ግራም ይቀንሳል፤ ወጪ የለበትም፤ እንዲያውም ገንዘብ ይተርፋል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥም 30 ግራም ያህል ስኳር አለውና እርሱም በዚሁ ይታያል። ከ450 ወደ 390 ግራም ተወረደ።

ሁለተኛ ደረጃ፣ ከአራቱ እንጀራ ሁለቱን ማንሣትና በምትካቸው 150 ግራም ማሾ ወጥ እና 400 ግራም ጎመን ማግባት ነው። ሁለቱ እንጀራ 195 ግራም ይወስዳሉ፤ ማሾውና ጎመኑ 83 ግራም ይመልሳሉ። ወደ 278 ግራም ተወረደ። የሁለት እንጀራ ዱቄት 300 ግራም ስለሆነ፣ በግማሹ ክብደት ማሾ ተገዝቶ የቀረው ለጎመኑ ይውላል፤ በጤፍ ቤት ይህ ደረጃ ወጪውን በአመዛኙ የሚችለው ራሱ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፣ ሌላ አንድ እንጀራ ማንሣት፣ ማሾውን ወደ 100 ግራም መመለስ፣ በምትኩ 40 ግራም ተልባ፣ 60 ግራም ለውዝና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ዘይት መጨመር ነው። ለወጡ የሚገባው ቲማቲምና ሽንኩርት ተቆጥሮ ድምሩ ከ170 ግራም ብዙም አይርቅም፤ ኀይሉ ከ1,800 ካሎሪ ይበልጣል። ለወፈረና ከባድ ጉልበት ለማይሠራ ሰው ይህ በቂ ሲሆን፣ ክብደቱንም ቀስ በቀስ ይቀንስለታል።

አራተኛ ደረጃ፣ ከቀረው እንጀራ ግማሹን አንሥቶ 2 እንቁላልና አንድ ማንኪያ ዘይት መጨመር ነው። 124 ግራም ላይ ይደረሳል፤ ፕሮቲኑ 75 ግራም ይሆናል። እነሆ ዝቅተኛ የሚባለው ወሰን በይፋት ገበያ ተደረሰ። ነገር ግን ከዚህ በታች ለመውረድ ጥራጥሬውም መቅረት አለበት፤ ቦታውንም ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል ብቻ መያዝ አለባቸው። ዋጋው በአንድ ጊዜ የሚዘልለው እዚህ ላይ ነው። በመሐንዲስ አነጋገር፣ የወጪው መስመር እስከ ሦስተኛው ደረጃ ድረስ በዝግታ ሲወጣ ቆይቶ ከአራተኛው በኋላ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ስለሆነም ለአነስተኛ ገቢ የሚመከረው ሦስተኛው ደረጃ ነው። 50 ግራም ላይ ለመድረስ ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ገንዘብ አልቆ ወደ አራት እንጀራ ከመመለስ፣ 170 ግራም ላይ ለዓመታት መቆየት ይበልጣል። ወትሮ እንጀራው ዋና፣ ወጡ ማባያ ነበር። ለውጡ ይህን መገልበጥ ብቻ ነው፤ ወጡ ዋና፣ እንጀራው ማባያ ይሁን።

ይህ ለውጥ በወረቀት ላይ ቀላል ሲሆን በመሶብ ዙሪያ ግን ይከብዳል። የሀገራችን ሰው አብሮ ይበላል፤ በአንድ ትሪ የቀረበ እንጀራ ማን ምን ያህል እንደ በላ አይለካም። ሕመምተኛውም ለብቻው ልዩ ምግብ እንዲቀርብለት ሲጠይቅ ያፍራል፤ ወጥ የምትሠራው እናት ሁለት ድስት እንድትጥድ ቢፈረድባት ከሰሉም ከድካሙም አትችለውም። ሁለት ድስት አያስፈልግም። ያው ወፍራም የማሾ ወጥና ጎመን ለሁሉም ይሠራል፤ ልጆቹ በሙሉ እንጀራ ይበሉታል፤ አባትየው ድርሻው በሳህን ተቀንሶለት፣ ሩብ ሩብ ሆኖ ከተቆረጠ እንጀራ ጋር ወይም በማንኪያ ይበላዋል። ጉርሻው አይቀርም፤ ጉርሻው ግን ከወጡ ይብዛ። ማሾ ሌሊት ተዘፍዝፎ ቢያድር በአጭር ጊዜ ስለሚበስል፣ ከባቄላና ከሽምብራ ይልቅ ከሰል ይቆጥባል።

ጾም ለዚህ አመጋገብ እንቅፋት ነው የሚል አስተያየት ይሰማል። ይህ ግን በስሌቱ አይደገፍም። በሦስተኛው ደረጃ ከተዘረዘሩት ምግቦች መካከል አንድም የፍስክ የለም። በጾም ጊዜ ችግሩ የሚመጣው ድንች፣ ፓስታና ዳቦ የወጡን ቦታ ሲወስዱ ነው። በረመዳንም ቢሆን ጥንቃቄው በማፍጠሪያው ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ ተምር 5 ግራም ያህል ስኳር ስላለው ሦስት ተምር ብዙ አያናጋም፤ ሾርባውና ሳንቡሳው፣ ጣፋጩና ጭማቂው ሲደራረብ ግን የቀኑ ድርሻ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ጾመኛ ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይኖርበታል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በቸልታ የማይታለፉ ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የደም ስኳርን አጥብቆ የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው፣ መድኃኒቱ ሳይስተካከል እንጀራውን በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ ከመጠን በላይ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሁለተኛ፣ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው የፕሮቲንን መጠን በሐኪም ማስወሰን አለበት። ሦስተኛ፣ እርጉዝ ሴቶች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት በዚህ ስሌት አይገቡም።

አራተኛው ለሀገራችን በተለይ የሚመለከት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ ወፍራም አይደለም። በጎንደር ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ያደረጉት ክትትል፣ ከገጠር የሚመጡ ብዙ የስኳር ሕመምተኞች ወጣት፣ ድኻና እጅግ የከሱ መሆናቸውን አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ብሎ ለብቻው መድቦት ነበር፤ በ1999 ምድቡን ሰረዘው፤ በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን አምስተኛው ዐይነት በሚል ስም ዕውቅና ሰጥቶታል። ለእንዲህ ያለው ከሲታ ሕመምተኛ ምግብ መቀነስ መድኃኒት ሳይሆን ጉዳት ነው። በቀን አካፋና ዶማ ይዞ ለሚውል ጤነኛ ሠራተኛም እንጀራው ነዳጁ ነው። ስለዚህ «እንጀራ ቀንስ» የሚለው ቃል ለማን እንደሚነገር መለየት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ጉዳዩ የሙያ ማኅበሩን አባላት የሚመለከትባቸው ሦስት ነጥቦች አሉ።

የመጀመሪያው የማከማቻ ነው። ማሾ ነቀዝ ቶሎ የሚያጠቃው እህል በመሆኑ፣ አርሶ አደሩ ምርቱን እንደ ሰበሰበ በርካሽ ይሸጣል፤ ለምግብ ሲፈልገው በውድ ይገዛል። አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዙን አየር አሳጥቶ ስለሚገድለው ያለ መርዝ ለወራት ያቆያል። ቀበሌው ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ እንዲህ ያለ ማከማቻ ቢኖረው፣ ጥቂት ኪሎ ማሾ ከሽያጩ ተቀንሶ በቤት የሚቀርበት ዕድል ይሰፋል።

ሁለተኛው የማድረቅ ነው። ዋጋ በወደቀበት ወቅት ገበያ ያጣ ቲማቲም፣ በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ሊደርቅ ይችላል። ከ100 ኪሎ ቲማቲም 6 ኪሎ ያህል ደረቅ ቲማቲም ይገኛል፤ ይህም ዋጋው በሚወደድበት ጊዜ ለወጥ ይሆናል። የሚፈለገው በወንፊት ሽቦ የተሠራ መደርደሪያ፣ አቧራና ዝንብ የሚከለክል ላስቲክ ሽፋን፣ ከታች ገብቶ ከላይ የሚወጣ የአየር መተላለፊያ ነው። ይህ አነስተኛ ወርክሾፕ ያለው የሙያ ትምህርት ቤት ሁሉ ሊሠራው የሚችል ዕቃ ነው።

ሦስተኛው የሥራ ቦታ ማዕድ ነው። ከአባላቱ ብዙዎቹ የመንገድ፣ የመስኖና የሕንፃ ሥራ ካምፖችን ያስተዳድራሉ። በካምፕ የቁርስ ልማድ ሁለት ዳቦና ሁለት ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ነው። የዳቦው ክብደት መቶ መቶ ግራም ቢሆን፣ ገና ሥራ ሳይጀመር 115 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ተወስዷል። ለጎልማሳው የቀን ሠራተኛ ይህ ይቃጠላል፤ ቀኑን ሙሉ በወንበር ለሚውለው መዝጋቢ፣ ለሾፌሩ፣ ለዘበኛውና ለራሱ ለመሐንዲሱ ግን አይቃጠልም። የምግብ ቤት ውል ሲጻፍ የእንጀራው ቁጥር ይጠቀሳል፤ የወጡ መጠን ግን በአብዛኛው ሳይጠቀስ ይቀራል። በውሉ ላይ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጥራጥሬ በደረቅ ክብደቱ 100 ግራም እንዲሆን፣ ጎመን ወይም ሌላ ቅጠል በየምሳው እንዲቀርብ፣ ስኳሩም በሻይ ውስጥ ተቀላቅሎ ሳይሆን ለብቻው እንዲቀመጥ የሚሉ ሦስት መስመሮች ቢጨመሩ፣ የፈለገ ሰው እንጀራውን ቀንሶ ጠግቦ የሚውልበት ሁኔታ ይፈጠራል። ሲሚንቶና ብረት በኪሎ ተለክቶ የሚገባበት ካምፕ፣ ወጥም በኪሎ ሊለካ ይችላል።

በይፋት ቆላ የሚመረተው ማሾ ዛሬ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ውጭ ገበያ ይሄዳል፤ በዚያው መንገድ ዳር ያለ ሕመምተኛ ደግሞ ምን ልብላ ብሎ ይጨነቃል። መኪናው መቆም የለበትም፤ ገንዘቡም ለአርሶ አደሩ ያስፈልገዋል። ከየኩንታሉ አንድ ሁለት ጣሳ በቤት ይቅር፤ ይህን ለማድረግ የሚጎድለው ነቀዝ የማያስገባ ከረጢት፣ ምጣኔውን የሚያስረዳ ሰውና የመሶቡን ድርሻ ለመለወጥ የሚደፍር ቤተሰብ ነው።